የኢያኤል እጅና የቀስቱ ዘንግ

የልጄ እጅ መንቀጥቀጡን የተወ ሰሞን ባለቤቴ ታቢታ ጸሎቱ ነው አለች፤ እኔ ዘንጉ ነው አልኩ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ባለድል ሲኖር ምን እንደሚመስል የኛን ቤት ያየ ያውቃል። እሷ ጓዳ ሆና ትዘምራለች፤ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስለ ካርበን ዘንግና ስለ አልሙኒየም ዘንግ ልዩነት እተነትናለሁ። ለእድር ጉዳይ የመጣ ጎረቤት ስለ ቀስት ብዙ ተምሮ፣ የመጣበትን ረስቶ ይሄዳል።

አየለ እባላለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነበርኩ፤ ከአውቶብስ ወርዶ ዘመድ ጋ ከመሄዱ በፊት ሰው መምሰል የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚገባው እኔ ጋ ነበር። ነበርኩ የምለው እጄ ስለከዳኝ ነው። መንቀጥቀጡ በዘራችን አለ፤ አባቴም ነበረበት። እጄ አርፎ ሲቀመጥ ደህና ነው፤ አንድ ነገር ልያዝ ብሎ ሲነሳ ይጀምረዋል። በመቀስ እንደምንም ይቻላል፤ ምላጭ ሲሆን ግን ደንበኛ ዓይኑን ጨፍኖ አይቀመጥልህም። «ጋሽ አየለ ጋ የሚገባ ቀድሞ ይናዘዝ» እያሉ ሲቀልዱብኝ አብሬ እስቅ ነበር። አንድ ቀን የሠርጉ ዕለት ማለዳ ሊላጭ የመጣ ሙሽራ ጆሮ ነክቼ ደም አየሁ። ሱቁን አብሮኝ ለሚሠራው ለሳዳም አስረክቤ ቤቴ ገባሁ።

ሐኪም ኪኒን አዘዘልኝ፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። ኪኒኑ ወደ ምላጩ ባይመልሰኝም ማንኪያ አፌን እንዳይስት፣ የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ እንድቆልፍ አድርጎኛል። ከማሸጊያው ፈልቅቆ ማውጣቱ ግን ለጣቶቼ ስለማይመች፣ ፈልቅቃ መዳፌ ላይ የምታስቀምጥልኝ ልጄ ኢያኤል ነበረች። አንድ ልጃችን ናት። ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ ካለው ቤታችን እየተመላለሰች ዩኒቨርሲቲ ስፖርት ሳይንስ ትማራለች።

ቀስት የጀመረችው እዚያ ነው። አልአዛር የሚባል መምህሯ ከተራራው ግርጌ ባለ ሜዳ ላይ ክለብ አቋቁሞ ተማሪ ሲመዘግብ ገባች። እኔ ሰምቼ ሳቅሁ፤ ኳስ እያለ፣ ሩጫ እያለ፣ በዚህ ዘመን ቀስት ምን ሊረባ ነው አልኩ። ሄጄ ሳያት ግን ሳቄን ዋጥኩት። ልጄ ቤት ውስጥ እግሯ የማያርፍ፣ በር ስትዘጋ ጎረቤት የምታስደነግጥ ልጅ ናት። እዚያ ሜዳ ላይ ቀስቱን ስባ ስትቆም ግን ሌላ ሰው ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ መንገደኛ መቁጠሬን ትቼ ሜዳው ዳር የምቀመጥ ሰው ሆንኩ።

እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። አልአዛር ድካም ነው ብሎ ነበር። እኔ ግን ያንን እጅ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አብሮኝ የኖረ ነው። የቀስቱን መያዣ ጨብጦ የተዘረጋው እጅ የሷ ሳይሆን የኔ መሰለኝ።

ሐኪም ጋ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ለሁለታችንም ወረቀት ሰጥቶ ከመሀል ጀምሮ የሚሰፋ ጠመዝማዛ መስመር እንድንስል አዘዘን። ሣልን። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው የትኛው የኔ፣ የትኛው የሷ እንደሆነ ለመለየት ስም ማየት ነበረበት። በዘር የሚመጣ ነው፣ አይገድልም አለን። ሌላ አባት ለልጁ ቤት ያወርሳል፣ መሬት ያወርሳል፤ እኔ ይሄን አወረስኳት።

ለኔ የሰጠኝን ኪኒን ለሷም ልስጥ ሲል ኢያኤል ሳይጨርስ ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። ይሄ ኪኒን በቀስት ስፖርት የተከለከለ መሆኑን አልአዛር ሥልጠና የጀመሩ ዕለት ነግሯቸዋል። የልብን ምት ያበርዳል፣ እጅን ያረጋጋል፤ ስለዚህ ቀስተኛ ከዋጠው ማጭበርበር ነው። ሽንቱ ተመርምሮ የተገኘበት ለዓመታት ይታገዳል። ታምሜ ነው ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ እኔው ራሴ አልአዛርን ጠይቄው ነበር፤ ለዚህ ስፖርት ይሄን ኪኒን የሚፈቅድ የለም አለኝ። ልጄ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የምታልመው ብሔራዊ ቡድን ነው፤ የቡድኑ ምርጫ ደግሞ አዲስ አበባ የሚካሄደው በዚያው ዓመት ነበር። ወይ በራሷ እጅ መተኮስ አለባት፣ ወይ መተው አለባት።

ታቢታ የራሷን መንገድ ያዘች። የሴቶች ጸሎት ቡድኑን ቤት ድረስ ጠራች፣ ጾመች፣ የኢያኤልን እጅ ይዘው ጸለዩላት። እኔ የጸሎት ሰው አይደለሁም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ስብከቱ ሲረዝም የፊት ለፊቱን ሰው ፀጉር ማን እንዳበላሸው እመራመራለሁ። ግን አንድ ቀን ኢያኤል ከሜዳ መጥታ በቀጥታ ወደ ጓሮ ቧንቧ ሄደች፤ ማልቀሷን እንዳናይ ፊቷን ስትታጠብ፣ ስትታጠብ፣ ስትታጠብ አየኋት። ወደ ቤት ስትገባ እዚያው ቧንቧው ጋ ቆሜ፣ ልጁ የታመመበት ወላጅ ሁሉ የሚለውን አልኩ፤ ለኔ ያድርገው። ሰው ይሄን የሚለው ይፈጸማል ብሎ አይደለም፣ አፉ ስለለመደው ነው። እኔ ግን አስቤበት አልኩት። የሷን ወደኔ አዙረው፣ እኔ እንደሆን ከእንግዲህ እጅ ምን ይሠራልኛል ብዬ ለመንኩ። ይሄን ለታቢታም አልነገርኳትም።

ከዚያ የዘንጉ ነገር መጣ። ቀስተኞች ስታቢላይዘር ይሉታል። ከቀስቱ መያዣ ፊት ለፊት የሚታሰር አንድ ረጅም ዘንግ አለ፤ ወደ ኋላ ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉ፤ ጫፋቸው ላይ ደግሞ እየተጠመዘዙ የሚደራረቡ ትንንሽ ብረቶች። ሥራቸው ቀስቱን ማረጋጋት ነው። ፍላጻው ሲለቀቅ ቀስቱ እንዳይጣመም፣ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ እጅ እንዳይዋልል ይይዙታል። አልአዛር አዲስ አበባ ቀስት ከተዉ ሰዎች የለቀመውን ዘንግና ብረት በጆንያ ይዞ መጣ። ጆንያው ሲዘረገፍ ግማሹ የተላላጠ፣ ግማሹ ብሎኑ የዛገ ነው። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል አልኩ፤ ቢሆንም ተንበርክኬ መምረጥ ጀመርኩ።

አመራረጡ እንዲህ ነበር። ኢያኤል ዓይኗን ጨፍና ቀስቱን ትስባለች። እኔ ከጎኗ ቆሜ የረጅሙን ዘንግ ጫፍ ከሜዳው አጥር ቋሚ ጋር አስተያያለሁ። ጫፉ ምንም አይደብቅም፤ እጅ ላይ ጥቂት የነበረው መንቀጥቀጥ ዘንጉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ሆኖ ይታያል። መጀመሪያ ወፍራሙን አልሙኒየም ያዝን። እኔ ነኝ ያስያዝኳት፤ እጄ ሲብስብኝ ቀላሉን መቀስ ትቼ የድሮውን ከባድ መቀስ ስይዝ ይሻለኝ ስለነበር፣ ክብደት የሚንቀጠቀጥ እጅን እንደሚገራ አውቃለሁ። ጥሩ ሆነ። ከሰዓት ግን ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ ወፍራሙን ዘንግ እየገፋ አስቸገራት። ወደ ቀጭኑ ካርበን ዞርን።

ቀጭኑ ነፋስ አይዝም፣ ግን ቀላል ነው። ጫፉ ላይ ብረት ጨመርን፤ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ሌላ ጨመርን፤ ደግሞ ቀነሰ። ደስ ብሎን ሦስተኛ ስንጨምር ትከሻዋ ከጥቂት ፍላጻ በኋላ ዛለና ከቀድሞው የባሰ መንቀጥቀጥ መጣ። ከፊት ቀንሰን ወደ ጎን ዘንጎቹ አዞርነው። ጫፉ ላይ ንዝረት የሚውጥ ጎማ ያለውን ሞከርን፣ ጎማ የሌለውን ሞከርን፣ የግራውን ዝቅ የቀኙን ከፍ አደረግን። በጋው በዚህ አለፈ። አልአዛር ትዕግሥቱ አልቆ ጆንያውን ለአባትና ልጅ ትቶልን ይሄድ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በጋ የበለጠ ደስታ አላስታውስም። እንደገና ሰው የሚጠብቀኝ ሰው ሆኜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፊት አንድ ብረት፣ ከጎንና ከጎን ሁለት ሁለት አድርገን ዓይኗን ጨፍና ሳበች። የዘንጉ ጫፍ አጥሩ ቋሚ ላይ ቆመ። ቆመ ስል ቆመ ነው። ዓይኔን አላመንኩትም፤ እንደገና ሳቢ አልኳት፤ ሳበች፤ እንደገና ቆመ። ከዚያ በኋላ እንደ ልጅ ዘለልኩ። አልአዛር ከሜዳው ማዶ ሮጦ መጥቶ ሁለታችንንም አቀፈን። ኢያኤል ዝም ብላ ቀስቱን ስታይ፣ ደንግጣ ነው፣ ደስታ ሲበዛ ያስደነግጣል ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ ታቢታ ምስክርነት አለኝ ብላ ጉባኤው ፊት ወጣች፤ ልጅቷንም እጇን ይዛ አወጣቻት። ማይክራፎኑን ይዛ ጌታ የልጄን እጅ ዳስሷል ስትል ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ኢያኤል አንገቷን ደፍታ ቆማለች። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ዘንጉስ፣ ዘንጉስ እያልኩ አጉረመረምኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አሜን እያልኩ መስሏቸው አብረውኝ አሜን አሉ።

ለሰው ዘንጉ ነው አልኩ እንጂ፣ ለራሴ ያመንኩት ሌላ ነው። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን የኔ እጅ ብሶበት ነበር። ሻይ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ከምጠጣው በለጠ። ቁልፌን ታቢታ መቆለፍ ጀመረች። በሱቁ በኩል ሳልፍ ሳዳም እጄን ለሰላምታ ይዞ ሳይለቀኝ ቆየ፣ ደንግጦ ነው። ታቢታ ሐኪም ጋ ሂድ እያለች ነዘነዘችኝ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ሸሸሁ። እንዴት ብዬ ልንገራት? የሷ ሲረጋ የኔ ባሰ። ቧንቧው ጋ የለመንኩት ተሰማልኝ። ብርጭቆ ከእጄ ወድቆ በተሰበረ ቁጥር ሌላው ሲደነግጥ እኔ በልቤ ተመስገን እል ነበር። ሐኪም ጋ ሄጄ የኔን ብታከም የሷ ይመለስባት ይሆን ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ብዬ አምን ነበር፣ ስድሳ ዓመት የዘለልኩ ሰው።

ኢያኤል ለምርጫው ተጠራች። ከሐዋሳ እሷ ብቻ ነበረች። ልትሄድ ወር ያህል ሲቀራት የኔ ኪኒን አለቀ፤ እሷ ልምምድ ላይ ስለሆነች እኔው መሃል ከተማ ወዳለው ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ሙንተሃ ታውቀኛለች፤ ኪኒኑ በሚጠፋበት ጊዜ ለቋሚ ሕመምተኞች የምታስቀምጥ ደግ ልጅ ናት። መታወቂያዬን ከኪሴ ለማውጣት ስታገል አይታ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሽ አየለ፣ እጅዎ እንዲህ ነበር እንዴ? ኪኒኑን በሥርዓት እየወሰዱ ነው?» አለችኝ።

ሳላጓድል እንደምወስድ ነገርኳት። ማስረጃ እንዲሆነኝም፣ ኢያኤል ወጥተህ ከቆየህ ብላ የማታውን በሶፍት ጠቅልላ ኪሴ የከተተችልኝን ዘርግቼ አሳየኋት። ሁለት ነጫጭ ክብ ኪኒኖች ናቸው። ሙንተሃ ዝቅ ብላ አየቻቸው። አንዱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ይሄ የእርስዎ ነው አለች። ሌላውን ገፋ አድርጋ ይሄ ግን ቫይታሚን ነው፣ ልጅዎ በየወሩ ከእኛው ጋ ትወስድልዎታለች አለች። ከዚያ ግራ ገብቷት፣ ሁለቱም ከመጀመሪያው ዓይነት መሆን እንዳለባቸው፣ ሙሉ ፓኮውንም ኢያኤል በየወሩ ሳታጓድል እንደምትወስድ ነገረችኝ።

ታዲያ ግማሹ የት ይገባል ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሶፍቱን አጥፌ ኪሴ መለስኩ። ውጭ ወጥቼ ባንኮኒው ላይ መታወቂያዬን ረስቼ ስለነበር ተመልሼ ገባሁ፤ ስታቀብለኝ ዓይኗን ሰበረች። ባጃጅ ያዝኩና ወደ ሜዳው አልኩት።

ባጃጁ ውስጥ ሳለሁ ተናድጄ ነበር። አባትሽን ሸጥሽ፣ እናትሽን ጉባኤ ፊት አስዋሸሽ፣ እያልኩ የምናገረውን ስደረድር ሄድኩ። ሜዳው ላይ ብቻዋን ነበረች። ፍላጻ ከዒላማው እየነቀለች አየችኝና ፈገግ ብላ ዛሬ ደግሞ ምኑን ልትቀይርብኝ ነው አለችኝ። ሶፍቱን ዘርግቼ ያዝኩላት። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ኪኒኖቹ ሳሩ ላይ ወደቁ። ያየችው ግን በቂ ነበር፤ ፍላጻዎቹን መሬት አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ዘንጉ ሠራ ካልክበት ጠዋት ጀምሮ።»

አቅዳ እንዳልነበረ ነገረችኝ። ያን ቀን ጠዋት የኔን ስትፈለቅቅ፣ የረጋ እጅ ምን እንደሚመስል ለአንድ ቀን ብቻ ለማወቅ ፈለገች። በራሷ ስም እንዳትገዛ ከተማው ሁሉ ያውቃታል። አንዱን ዋጠች፣ የኔ እንዳይጎድል ደግሞ በእሱ ምትክ ቫይታሚኗን መዳፌ ላይ አደረገች። አንዴ ተኩሳ ልትተወው ነበር። እኔ ግን ዘለልኩ። በማግሥቱ እናቷ መሰከረች። ከዚያ በኋላ መተው ሁለታችንንም ማፍረስ መሰላት። ምርጫው እስኪያልፍ፣ ከምርመራው በፊት አቁሜ ከሰውነቴ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ሁሉን እመልሳለሁ ስትል ወራቱ ሄዱ።

«እንዴት እንደዘለልክ አታውቅም» አለችኝ። «ሱቁን ከዘጋህ ወዲህ እንደዚያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም አባዬ።»

«እጄንስ አታዪውም ነበር?»

«በየቀኑ አየዋለሁ። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ።»

የደረደርኩት ቁጣ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ሊወጣ ሲል ሌላ ነገር ወጣ። «እኔ እኮ ተሰማልኝ ብዬ ነበር» አልኳት። «የሷን ለኔ ያድርገው ብዬ ለምኜ ነበር። የኔ ሲብስ፣ ያንቺ ሲረጋ፣ ተቀበለኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐኪም ጋ ያልሄድኩት እንዳይመለስብሽ ብዬ ነው።»

መናገር አልነበረብኝም። ምናልባት ብሰድባት ይሻላት ነበር። ሳሩ ላይ ቁጭ አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ልጄ ስታለቅስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በሯን ዘግታ፣ እግሯን መሬት እየመታች፣ ሰፈር እስኪሰማ ነው የምታለቅሰው። ይሄኛው ድምፅ አልነበረውም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። የወደቁትን ኪኒኖች ከሳሩ መሀል መልቀም ጀመርኩ፤ ጣቶቼ አልይዝ አሏቸው፤ እሷ ለቀመችልኝ።

ኪኒኑን በዚያው ቀን አቆመች። ከሰውነቷ እስኪወጣ ጠብቀን፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንሞክር አለችኝ። ያን ሁሉ በጋ የመረጥነው ዘንግ እኮ እውነተኛ ነው፣ ምናልባት እሱም ጥቂት ረድቶ ይሆናል አለች። እኔም በልቤ እንደዚያው ተመኝቼ ነበር። ከፊት አንድ ብረት፣ ከጎንና ከጎን ሁለት ሁለት አሰርን። ነፋስ አልነበረም። ዓይኗን ጨፍና ሳበች፤ እኔ የዘንጉን ጫፍ ከአጥሩ ቋሚ ጋር አስተያየሁ።

ጫፉ ቋሚውን በግራ አለፈው፣ በቀኝ አለፈው፣ ወደ ላይ ሄደ። አንድ ብረት ጨመርኩ፤ ሁለት ጨመርኩ። በጣም ቀንሶ ነበር፤ ያ ሁሉ ድካማችን ከንቱ አልነበረም። ግን ለምርጫ የሚያበቃ አልነበረም።

«እንዴት ነው?» አለች ዓይኗን ሳትከፍት።

አንድ ቃል ብዋሽ ታምነኝ ነበር። ወዲያ ሄዳ አዲስ አበባ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ብቻዋን ታገኘው ነበር።

«ይንቀጠቀጣል ልጄ» አልኳት።

ገመዱን ቀስ ብላ መለሰችው። እሺ አለች። አልአዛር ጋ ራሷ ሄዳ ሁሉንም ነገረችው፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ስሟን እንደሚሰርዝ፣ ለፌዴሬሽኑም እውነቱን መጻፍ ግዴታው እንደሆነ ነገራት፣ እየጨነቀው። ይጻፉ አለችው። በእሷ ቦታ ሶሊያና የምትባል አብራት የምትሠለጥን ልጅ ልትሄድ ሆነ። ኢያኤል ወደ ቤት ስንመለስ የተናገረችው ስለ ሶሊያና ብቻ ነው፤ ትከሻዋ ጠንካራ ነው፣ ይሳካላታል አለች።

ለታቢታ የነገርናት አብረን ነው። ሰምታ ስትጨርስ ከራሷ ጋር በሲዳምኛ ማውራት ጀመረች፤ እንደዚያ የምታደርገው በጣም ስታዝን ነው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። እሁድ ዕለት ማንም ሳይጠብቅ እንደገና ማይክራፎኑን ለመነች። «ያየሁትን ነበር የመሰከርኩት» አለች ለጉባኤው። «አሁን የማየው ደግሞ የልጄ እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ነው። ይሄንንም መመስከር ስላለብኝ ነው የወጣሁት።» እልልታ አልነበረም። ሰው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ባለቤቴ ያን ሁሉ ዓይን አቋርጣ ከኋላ እኔ ጋ መጥታ ስትቀመጥ፣ የዘንጉን ክርክር እስከ ወዲያኛው ተሸነፍኩላት።

ኪኒኑን አሁን የምትሰጠኝ ታቢታ ናት፤ ሁለቱንም። እጄ ቀስ በቀስ ረጋ። ከዓመት በፊት ከነበረው እንኳ የተሻለ ይመስለኛል፣ ወይም እኔ ረስቼው ይሆናል። ሰፈሩ እንኳን አሻረህ አለኝ። እኔ ግን ሻይ ሳልደፋ በጠጣሁ ቁጥር ልጄ ፊት የሰረቅኩ ያህል አፍር ነበር።

ሶሊያና አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል ዘንጎቹ እንዲሰጧት አልአዛር ጠየቀ፤ ከጆንያው ውስጥ ደህናዎቹ እነሱ ናቸው። ኢያኤል ቀስቱን ይዛ መጥታ በረንዳው ላይ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ብሎኖቹን የሚፈታው ቁልፍ ትንሽ ነው። ኢያኤል ሞከረች፤ ቁልፉ ቀዳዳውን እየሳተ ብረቱን ቧጨረው። ቁልፉን አቀበለችኝ።

ያዝኩት። ቁልፉ በመጀመሪያው ገባ። አንደኛውን ብረት ፈትቼ አስቀመጥኩ፣ ሁለተኛውን ፈታሁ፣ ወደ ጎን ዘንጉ ዞርኩ። እጄ ድሮ ሱቅ ውስጥ ይሠራ እንደነበረው ይሠራል። ቀና ስል ኢያኤል ዘንጉን አትመለከትም፤ የምትመለከተው እጄን ነው። ተናዳ አልነበረም። ቀንታም አልነበረም። የሚያምር ነገር እንደሚያይ ሰው ነበር የምታየው፣ ያንን መቻል አቃተኝ።

ስለዚህ እጄን ማንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ቁልፉን ከቀዳዳው ጎን አደረግኩት፣ ሳትኩ፣ እንደገና ሳትኩ፣ አይ ይሄ እጅ ብዬ አማረርኩ። አንዱን ብረት ሆን ብዬ ጣልኩት፤ በረንዳው ላይ ተንከባሎ ሄደ።

«አባዬ» አለችኝ።

«እ?»

«የኛ እንደዚህ አይደለም።»

እጇን ዘርግታ እጄ ላይ አደረገችው። የሷ ሲንቀጠቀጥ የኔንም ይዞት ተንቀጠቀጠ።

«እንዲህ ነው» አለችኝ።